ጫት ሳይቃም ግጥም ይጻፋል ወይ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፣ ከጅማ

ባለፈው ወር «ስለ ጽሑፍ ሕይወት የምትጠይቁት ካለ ላኩ» ብዬ ነበር። ላካችሁ። ገሚሱ በስልክ መልእክት መጣ፣ ገሚሱ በወረቀት ተጽፎ ሱቄ ድረስ። ለማታውቁኝ፦ ጅማ ውስጥ፣ ከዩኒቨርሲቲው ብዙም ሳይርቅ፣ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ቀን ቀን የሰው ጽሑፍ እተይባለሁ። የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ማመልከቻ፣ የኪራይ ውል፣ የሠርግ ካርድ፣ የሟች የሕይወት ታሪክ። ግጥምና አጭር ልብ ወለድ የምጽፈው በተረፈው ጊዜ ነው። መልሱም ከፎቶ ኮፒ ማሽን አጠገብ የተሰጠ መሆኑን እያሰባችሁ አንብቡልኝ።

ጥያቄዎቹን አሳጥሬአለሁ። ስም አልጠቅስም። ከተማችን ትንሽ ናት፣ እንተዋወቃለን።

«እትዬ፣ እውነቱን ይንገሩን። እኛ ጓደኛሞች የምንጽፈው በርጫ ላይ ነው። ሳንቅም ከተቀመጥን አንድ ስንኝ አይወጣንም። እርስዎስ? ጫት ሳይቃም ግጥም ይጻፋል ወይ?» — የሦስተኛ ዓመት ተማሪ፣ ጅማ

ይጻፋል። ልጆቼ፣ የናንተን ጽሑፍ የምተይበው እኔ ነኝ እኮ!

ጅማ ተቀምጦ ስለ ጫት መስበክ ይከብዳል። ጎረቤቴ ይሸጣል፣ አከራዬ ይቅማል፣ ስንቱ ቤት የሚተዳደረው በሱ ነው። ስብከቱን ለባለቤቶቹ ልተወውና ያየሁትን ልንገራችሁ።

በእጅ የተጻፈ ረቂቅ ሲመጣልኝ ጸሐፊው የት ቦታ ላይ እንደመረቀነ አውቃለሁ። የመጀመሪያው ገጽ ረጋ ያለ ነው። ስርዝ ድልዝ አለበት፤ ልጁ እያሰበ ነው። ሁለተኛው ገጽ ላይ ስርዙ ይጠፋል። ሦስተኛው ላይ ፊደሉ ይተልቃል፣ መስመሩ ወደ ላይ ይወጣል፣ ቃለ አጋኖ ይበዛል። ከዚያ «ኦ» ትመጣለች። ኦ ሀገሬ! ኦ ሕይወት! ኦ ጨረቃ! አራተኛው ገጽ መሃል ላይ ቀጥ ይላል። መደምደሚያ የለውም። ጸሐፊው ምርቃናውን በመጠጥ ሊሰብር ጨብሲ ሄዷል።

በማግስቱ ትየባውን ሊወስድ የመጣ ልጅ ማያ ገጹን እያየ «ይሄን እኔ ነኝ የጻፍኩት?» ይለኛል። «ሂሳቡን ስትከፍል ያንተ ይሆናል» እለዋለሁ።

ጫት ያስወራል። የመጀመሪያውን ረቂቅ ያወጣ ይሆናል፣ አልክድም። ግጥም ግን የሚሠራው በሁለተኛውና በሦስተኛው ረቂቅ ላይ ነው። እዚያ ላይ ዋናው ሥራ መሰረዝ ነው። ለመሰረዝ ደግሞ ደረቅ ያለ፣ ትንሽ የተሰላቸ ጭንቅላት ያስፈልጋል። የመረቀነ ሰው ምን ብሎ ይሰርዛል? ሁሉም ቆንጆ ነዋ!

የእኔን ከጠየቃችሁኝ፣ የምጽፈው መብራት ሲጠፋ ነው። ቀልዴን አይደለም። መብራት ሲሄድ ማሽኑ ይቆማል፣ ደንበኛው «ሲመጣ ደውይልኝ» ብሎ ይወጣል፣ እኔም ደብተሬን አወጣለሁ። ጎረቤት ቡና ያፈላል። አቦሉ እስኪደርስ አንድ አራት መስመር ይወጣኛል። ሦስተኛው ሲኒ ላይ ሁለቱን ሰርዣቸዋለሁ። ከሰዓት መብራት ከመጣ ሥራ ነው፤ ካልመጣ ደግሞ ሥነ ጽሑፍ ተጠቀመ።

አንድ ነገር ሞክሩልኝ። ማታ የጻፋችሁትን ጠዋት፣ ቁርስ ሳትቀምሱ፣ ለማይቅም ሰው ጮክ ብላችሁ አንብቡለት። የት ቦታ ላይ ስልኩን ማየት እንደጀመረ ልብ በሉ። ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ ሰርዙት።

«በግጥም እንጀራ ይበላል? ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ሥራ እየፈለግሁ ነው። ሥራ ፍለጋውን ትቼ ሙሉ ጊዜዬን ለጽሑፍ ብሰጥስ?» — ከቦሳ አዲስ

ሥራውን ፈልጊ፣ የኔ እህት።

የምናደንቃቸውን ቁጠሪያቸው። ሐዲስ አለማየሁ ዲፕሎማትና ሚኒስትር ነበሩ። መንግሥቱ ለማ ሕንድ አገር ኤምባሲ ሠርተዋል፣ በኋላም ዩኒቨርሲቲ አስተምረዋል። በዓሉ ግርማ ጋዜጠኛና አዘጋጅ ነበር። ገብረ ክርስቶስ ደስታ ሠዓሊ ነው፤ የሥዕል መምህርም ነበር። ሁሉም ደሞዝ ነበራቸው። ጽሑፉ የተጻፈው ከደሞዙ ጎን ነው።

አንድ የግጥም መድበል አሳትሜአለሁ። አሳታሚ ድርጅት ፈልጎኝ እንዳይመስልሽ። አብዛኞቻችን በራሳችን ወጪ ነው የምናሳትመው። ማተሚያ ቤቱ ገንዘቡን በቅድሚያ ይፈልጋል፤ ወረቀት በየጊዜው ስለሚጨምር የትናንቱ ዋጋ ዛሬ አይሠራም። አከፋፋዩ ከሽፋን ዋጋው ላይ ድርሻውን ይቆርጣል። የቀረውን የሚሰጥሽ መጽሐፉ ሲሸጥ ነው። «ሲሸጥ» የሚለው ቀጠሮ ደግሞ ረጅም ነው። እኔ ዘንድ ደግሞ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። አንድ የተገለበጠ ፊደል ለማስተካከል አውቶቡስ ተሳፍሬ አውቃለሁ። የቀረው መጽሐፍ አልጋዬ ሥር አለ። ለእንግዳ በስጦታ ይወጣል።

በግጥም ጥሩ ገንዘብ የማገኘው ከሠርግ ካርድ ነው። «እትዬ፣ ስማችንን ቤት አስመቺልን» ይሉኛል። ሁሉም ስም አይመታም እኮ! ሙሽራው ዳንኤል፣ ሙሽሪት ጽጌሬዳ ሲሆኑ ማታ እንቅልፍ የለኝም። ግን እከፈላለሁ፣ ያውም በዚያው ቀን። ሥራውን አልንቀውም። በአራት መስመር ውስጥ ሁለት ቤተሰብ ሳይጣላ ማስደሰት ከባድ ልምምድ ነው።

ስለዚህ ሥራ ያዢ። ከተቻለ ሰው የሚመላለስበት ሥራ ይሁን። ከሰው ጋር የማያገናኝ ሥራ ለደራሲ አይሆንም።

«እኔ የባጃጅ ሹፌር ነኝ። ተሳፋሪ ስጠብቅ ግጥም እሞክራለሁ። ይቺን ጓደኞቼ ‹ቤት ትመታለች ግን ታነክሳለች› አሉኝ። የቱ ጋ ነው የምታነክሰው?

አውራ ጎዳናው ላይ ከባድ ዝናብ ሲወርድ ዋለ፣
ባለ ባጃጁ ግን መንገዱን ቀጠለ።» — ከቆጪ

ወንድሜ፣ ጓደኞችህ ጆሮ አላቸው። አትልቀቃቸው።

የምታነክሰው «ከባድ» ላይ ነው። ጮክ ብለህ በላትና በጣትህ ቁጠር። አው፣ ራ፣ ጎ፣ ዳ፣ ናው፣ ላይ። ስድስት። ትንሽ ታርፋለህ። ዝ፣ ናብ፣ ሲ፣ ወርድ፣ ዋ፣ ለ። ስድስት። ወደ ታች ውረድ፦ ባ፣ ለ፣ ባ፣ ጃ፣ ጁ፣ ግን። ስድስት። መን፣ ገ፣ ዱን፣ ቀ፣ ጠ፣ ለ። ይኸው ስድስት። ይህ የወል ቤት ይባላል። ሳታውቀው ነው የያዝከው፤ ከልጅነትህ ጀምሮ በዘፈኑም በለቅሶውም ስትሰማው ኖረሃልና። «ከባድ»ን ስትጨምርባት ያቺ አንዷ እግር ስምንት ሆነች። ሦስቱ እግሮች ስድስት ስድስት ናቸው። ታዲያ እንዴት አታነክስ?

ስምንት በራሱ ጥፋት የለበትም። አምስት አምስት የሚሄድ አለ፣ ሰንጎ መገን ይሉታል። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ስምንት ስምንት አድርጎ በረጅሙ ይተነፍስ ነበር፤ ስልቱ እስከ ዛሬ የጸጋዬ ቤት ይባላል። የፈለግከውን ያዝ። ከያዝክ በኋላ ግን አትልቀቅ። ልልቀቅ ካልክ አውቀህ ልቀቅ፣ አድማጭህም አውቀህ እንደለቀቅክ ይግባው።

ደግሞስ «ከባድ» ምን ይሠራል? ዝናቡ ሲወርድ ዋለ ብለኸናል። ለጅማ ሰው ይህ ይበቃዋል።

አሁን ልኩ ተስተካከለ። ግጥም ሆነች? ገና ናት። ዝናብ ዘነበ፣ ባጃጅ ሄደ። ይህን ትራፊክ ፖሊስም ይጽፈዋል። ብትፈቅድልኝ ሁለተኛዋን ስንኝ ልንካት፦

አውራ ጎዳናው ላይ ዝናብ ሲወርድ ዋለ፣
ያባቴ ቡና ግን ከሚዛን ጎደለ።

ቆጠራው ያው ነው። ይህን ለማና ወረዳ ወይም ለጎማ ወረዳ ቡና ገበሬ ንገረው። ወይ ይስቃል ወይ ይናደዳል። ዝናብ የመታው ቡና ይከብዳል እንጂ አይቀልማ! ውሃ ጠጥቷል። ታዲያ ሚዛን ላይ ሲወጣ ለምን ጎደለ? ሚዛኑን የያዘውን ሰው ጠይቅ። ስንኟ ነጋዴ አላለችም፣ ሌባ አላለችም፣ ማንንም አልሰደበችም። ሰሟ ዝናብና ቡና ነው። ወርቁን አድማጩ ራሱ ቆፍሮ ያወጣዋል፤ ራሱ ስላወጣውም አይረሳውም።

አየህ፣ «ግን» የምትለዋን ቃል ካንተ ነው የወሰድኳት። ያንተ ስንኝ ውስጥ ሥራ አልነበራትም። ዝናብ ቢዘንብም ባጃጅ መሄዱ አይገርምም፣ ባጃጅ ጣራ አለው። እዚህ ግን ሙሉ ክርክሩን የተሸከመችው እሷ ናት። ትንንሾቹን ቃላት አትናቃቸው።

ደግሞ አንተ ከእኔ የበለጠ ዕቃ አለህ። ከመርካቶ እስከ ፈረንጅ አራዳ ከኋላህ ሰው ያወራል። በስልክ የሚጣላ አለ፣ የሐኪም ውጤት ይዞ ዝም ያለ አለ፣ «ሂሳብ አለኝ» ብሎ የሌለው አለ። ግጥምህ ውስጥ ግን ባጃጁ ባዶውን ነው የሄደው። ሰው አሳፍርበት።

«ጅማ ተቀምጦ ደራሲ መሆን ይቻላል? መድረኩም፣ ማተሚያ ቤቱም፣ ጋዜጠኛውም ያለው አዲስ አበባ ነው። እኛ የምንጽፈው ከጅሬን ተራራ አያልፍም።» — መምህር፣ ጅማ

መድረኩ እዚያ መሆኑ እውነት ነው። አልከራከርዎትም። ቅር የሚለኝ ሌላ ነገር ነው።

ስለ ጅማ የሚጻፍ ግጥም ብዙ ይደርሰኛል። ሁሉም ጅሬን ይወጣል። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት፣ ሰገነቱ፣ ግርማው። ቤቱ ያምራል፣ ታሪኩም ትልቅ ነው፤ ዳግማዊ አባ ጅፋር ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. ከሃምሳ ዓመት በላይ ገዝተዋል። ግን ሁላችንም አንድ ኮረብታ ላይ ተሰብስበን አንድ ሰገነት ስናይ ከታች ከተማው ባዶ ቀረ።

የጅማ በርጩማ የሌለበት ቤት ስንት ነው? ባለ ሦስት እግሩን ማለቴ ነው፣ ከአንድ ግንድ ተጠርቦ የሚወጣውን። ሲጠረብ ቆመው ያውቃሉ? መጀመሪያ ጉማጅ እንጨት ነው። ጠራቢው ሲመታው ፍላጩ እግሩ ሥር ይከመራል። መቀመጫው ይጎደጉዳል። እግሮቹ ከዚያው እንጨት ይወጣሉ፤ ምስማር የለ፣ ማጣበቂያ የለ። አንዱ እግር ከተሰበረበት ሌላ እግር አይቀጥልለትም፣ እንጨቱ ለማገዶ ይሄዳል። አጠገቡ አንድ ልጅ ተቀምጦ በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሳል። ቅንድቡ ሳይቀር ብናኝ ለብሷል። ስለዚህ ልጅ አንድ ግጥም አልደረሰኝም። ስለ ሐሙስ ገበያም አልደረሰኝም። ቦዬ ኩሬ ዳር ጉማሬ ሲጠብቁ ስለሚያመሹ ፍቅረኛሞችም እንዲሁ።

መድረኩን በተመለከተ፣ ትምህርት ቤት ውስጥ ነዎት። ዓርብ ከሰዓት አንድ ክፍል ያስከፍቱ። ዐሥር ተማሪ ከመጣ መድረክ ነው። ራስዎም ያንብቡ፤ መምህሩ ሲንተባተብ ያየ ተማሪ ይደፍራል።

«ቤታችን የምናወራው ኦሮምኛ ነው። ግጥም የምጽፈው በአማርኛ ነው። አንዱ ‹ለምን በቋንቋህ አትጽፍም?› ይለኛል። ሌላው ‹አማርኛህ ኦሮምኛ ኦሮምኛ ይላል› ይለኛል። ግራ ገባኝ።» — ከሰቃ ጨቆርሳ

እናቴ የሊሙ ሰው ናት። አባቴ የመንገድ ሥራ ይዞ ከመንዝ መጥቶ እዚሁ የቀረ ነው። ቤታችን ውስጥ ቁጣው በአማርኛ፣ እሹሩሩው በኦሮምኛ ነበር። ስለዚህ ጥያቄህ ቤቴ ድረስ ይመጣል።

የመጀመሪያውን ሰው ስማው። በኦሮምኛም ጻፍ። «በቋንቋህ ብቻ» ካለህ ግን ለሱም አትታዘዝለት። ሁለተኛውን ጨርሶ አትስማው። ጸጋዬ ገብረ መድኅን የአምቦ አካባቢ ልጅ ነው። በዓሉ ግርማ የተወለደው ኢሉባቦር ነው። ሰሎሞን ዴሬሳ የወለጋ ሰው ነው። ከአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ላይ ሦስቱን ቀንሳቸውና የቀረውን እየው። አማርኛቸው ኦሮምኛ የሚያውቅ ጆሮ ስላለበት አልከሳም።

አንዲት ሴት ደግሞ ልንገርህ፣ በአማርኛ ስለማትታወቅ። አስቴር ጋኖ ትባላለች። በልጅነቷ የሊሙ እናርያ ንጉሥ ባሪያ አድርጓት ነበር። ለዐረብ አገር ልትሸጥ ባሕር ላይ ሳለች በ1886 እ.ኤ.አ. አንድ የጣሊያን መርከብ አስጣላት። ምጽዋ አጠገብ የነበረ የስዊድን ሚስዮን ትምህርት ቤት ገባች። እዚያ ተቀምጣ ከልጅነቷ የምታስታውሰውን የኦሮሞ ዘፈን፣ ተረትና ምሳሌያዊ ንግግር በብዙ መቶ ጻፈችው። ከኦነሲሞስ ነሲብ ጋር ያዘጋጁት የንባብ መጽሐፍ በ1894 እ.ኤ.አ. ወጣ። ኦነሲሞስ የተረጎመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 እ.ኤ.አ. ሲታተምም የሷ ድካም አለበት። ያ ሁሉ የተጻፈው አንተና እኔ በምንጽፍበት ፊደል ነው። አገሯን ነጥቀዋት፣ ወገኗን ነጥቀዋት፣ የሰማችውን ግን ማንም አልነጠቃትም። እኔ በዚህች ሴት እኮራለሁ፤ የእናቴ አገር ሰው ስለሆነች ብቻም አይደለም።

ለአንተ የምመክርህ ሥራ ይህ ነው፦ አንድ ግጥም ውሰድ፣ በሁለቱም ቋንቋ ጻፈው። አትተርጉመው፤ ሁለት ጊዜ እንደ አዲስ ጻፈው። ከዚያ አያትህ ፊት ተቀምጠህ የኦሮምኛውን በላት። ፊቷን እያየህ። እዚህ ጅማ ደግሞ በረመዳን ሌሊት መንዙማ አለልህ። መሪው አንዷን ስንኝ አውጥቶ ለተቀባዮቹ እስኪሰጣት ድረስ እንዴት እንደሚይዛት ስማ። ቃሉ ባይገባህ እንኳ አያያዙ ይገባሃል።

«አጭር ልብ ወለድ ጻፍኩ። ባለቤቴ አነበበና ‹ይሄ ኩርፍተኛ ባል እኔ ነኝ› ብሎ ሰሞኑን ሙሉ አኮረፈኝ። መጻፍ ላቁም?» — የልጆች እናት፣ ከአጋሮ

እህቴ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ሳቄ መጣ። ማኩረፉ ራሱ ምስክር ሆነበት እኮ።

አታቁሚ። ቀላቅይ እንጂ። ከባለቤትሽ ኩርፊያውን ብቻ ውሰጂ። ሥራውን፣ ጃኬቱን፣ የመኪናውን ቀለም ተዪለት። ሳሉን ከአጎትሽ፣ አረማመዱን ከቀበሌ ሊቀመንበሩ አምጪ። አጋሮ ውስጥ ማንም አያውቀውም፣ ራሱም ይጠፋዋል። ሌላም አለ፤ ለኩርፍተኛው ባል አንድ ደግ ሥራ ስጪው። የታመመች ልጁን ተሸክሞ ሌሊት ሐኪም ቤት ይሂድ። ባልሽን ደስ ይበለው ብዬ አይደለም። ክፋት ብቻ የተሸከመ ገጸ ባሕርይ ሁለት ገጽ ሳይሄድ ይሰለቻል።

«ቴሌግራም ላይ የለጠፍኩትን ግጥም ሌላ ሰው በስሙ ለጥፎ ሙገሳ ሲቀበል አየሁ። ሳላስመዘግበው መብት አለኝ?» — ከጅማ

አለህ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው። ሥራህ የሚጠበቀው ከጻፍከው ጊዜ ጀምሮ ነው፤ ለጥበቃው ምዝገባ ግዴታ አይደለም። ስምህ ሥራው ላይ እንዲኖር የመጠየቅ መብት አለህ። ጥቅሙም በሕይወት ዘመንህ ያንተ ነው፤ ከሞትክ በኋላ 50 ዓመት ለወራሾችህ። የልጅ ልጆችህ በዚች ግጥም ይበለጽጋሉ ብዬ ግን ተስፋ አልሰጥህም።

የሚያስቸግረው ማስረጃው ነው። በእጅ የጻፍከውን ረቂቅ አትጣል፣ ቀን ጻፍበት። ለጓደኛህ በመልእክት ላከው፣ ቀኑ እዚያ ይቀራል። ሰውየውን መጀመሪያ በውስጥ መስመር በጨዋ ቋንቋ ጻፍለት። አንዳንዱ ከሌላ ቦታ ያገኘው ነው፣ የማን እንደሆነ አያውቅም። አንዳንዱ ያውቃል። ለሚያውቀው ጨዋ ቋንቋው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። መጽሐፍ ስታሳትም ደግሞ መለያ ቁጥሩን (ISBN) ከብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ፣ ከወመዘክር ጠይቅ።

«ልጄ፣ ሰባ አንድ ዓመቴ ነው። በቡና ቅምሻ ሥራ አርጅቼ ጡረታ ወጣሁ። ልጆቼ ታሪክህን ጻፍ ይሉኛል። ስጀምረው ‹ተወለድኩ፣ ተማርኩ፣ ተቀጠርኩ፣ አገባሁ› ብዬ አንድ ገጽ ላይ ያልቅብኛል። ሰባ ዓመት እንዴት አንድ ገጽ ብቻ ይሆናል? ወይስ ዕድሜው አልፎብኝ ይሆን?» — ከጅማ

አባቴ፣ ዕድሜውን ይተዉት። ሐዲስ አለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ዓ.ም. ሲያሳትሙ ሃምሳዎቹን አጋምሰው ነበር። «ወንጀለኛው ዳኛ» እና «የልም እዣት» የወጡት ደግሞ ሰባን ካለፉ በኋላ ነው።

አንድ ገጽ የሚያልቅበትን ምክንያት አውቀዋለሁ፤ ሥራዬ ነውና። የሟች የሕይወት ታሪክ ሊያጽፉ የሚመጡ ሁሉ በዚያው መንገድ ነው የሚሄዱት። ተወለዱ፣ ተማሩ፣ አገቡ፣ ወለዱ፣ ባደረባቸው ሕመም ሲረዱ ቆይተው ዐረፉ። ስሙን ቀይሬ ለሌላው ሟች ባወጣው ማንም አያውቅብኝም።

አንድ ጊዜ እናታቸው የሞተችባቸው ወንድምና እህቶች መጡ። ለነገ ቀብር ነው። ትልቁ ያስጽፋል፣ ሌሎቹ በልደት ዘመኗ ይከራከራሉ። አንዱ ጣሊያን ሳይወጣ ነው ይላል፣ አንዷ ከወጣ በኋላ ነው ትላለች። ገጹ አለቀ። እኔ ዝም ብዬ «ጠዋት ሲነሱ መጀመሪያ ምን ያደርጉ ነበር?» አልኳቸው። ተያዩ። ታናሽየዋ ተናገረች። «ቡና ሲቆሉ ዝም በሉ ይሉን ነበር። መንጣጣት ሲጀምር ጆሯቸውን ወደ ምጣዱ ያስጠጋሉ። ‹አሁን!› ብለው ያወርዱታል። በዓይናቸው አያዩትም፣ በጆሯቸው ነበር የሚቆሉት።» ትልቁ ሳቀ። «ሬዲዮ እንኳ ያስጠፉን ነበር» አለ። ከዚያ ማን ያስቁማቸው? ጎረቤት ያስታረቁበት፣ ዶሮ ሰርቆ የተያዘውን ልጅ ምሳ ያበሉበት። ሁለት ገጽ ተኩል ሆነ። ትልቁ ስለ ቡናው ያለውን «ለቀብር አይሆንም፣ ይውጣ» አለ። እህቶቹ እምቢ አሉ። አልወጣም።

ስለዚህ «ተወለድኩ» ብለው አይጀምሩ። መወለድዎን አያስታውሱትም። በምላስዎ ይጀምሩ። ማንኪያውን ሙሉ ፉት ብለው፣ አፍዎ ውስጥ አዙረው፣ የሚተፉበት ሥራ ነበር አይደል? ለማያውቅ ሰው ያስቃል። ሲስቅ ያስረዱት። የታጠበው ቡናና ከነገለፈቱ የደረቀው ጀንፈል አፍ ውስጥ በምን ይለያያሉ? የሻገተ ጆንያ ውስጥ ያደረ ቡና ምን ምን ይላል? የመጀመሪያው ቀን ትልልቆቹ ቀማሾች አጠገብ ሲቆሙ ጉሮሮዎ ታዘዘልዎት? የሰው የዓመት ልፋት አንድ ማንኪያ ላይ ተቀምጦ «አይሆንም» ማለት ሲኖርብዎት ገበሬው ፊት ለፊትዎ ነበር? ቤት ሲገቡ የባለቤትዎን ቡና መቅመስ ይተዉ ነበር ወይስ ይፈርዱ ነበር?

ይህን በአንድ ገጽ ቢጨርሱት ይገርመኛል።

መጻፉ ከከበደዎት ለልጅ ልጅዎ ይንገሩት። ስልኩን ይክፈትና ይቅዳው። ሲናገሩ «ተቀጠርኩ» አይሉም፤ «ያን ቀን እኮ…» ነው የሚሉት። እንደዚያው ይጻፍ። የዓመተ ምሕረቱን ነገር በኋላ እንደርስበታለን። ቅጂውን ይዘው ሱቄ ብቅ ይበሉ፣ እኔ እየሰማሁ እተይባለሁ፣ ለትየባው አላስከፍልዎትም። ሰኔ ላይ ብቻ አይምጡብኝ። የመመረቂያ ጽሑፍ ጥራዝ ሰሞን ነው፣ መቆሚያም የለ።